ዳውንቮት ምን ይላል፣ የጨዋነት ሕግስ ምን ይከለክላል?

አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ሰው «ስልክ ቻርጅ ላይ ካደረ ባትሪው ከመጠን በላይ ሞልቶ ይበላሻል» ብሎ ጻፈ እንበል። ሦስት ሰዎች መለሱለት።

የመጀመሪያው፦ «ተሳስተሃል። ሲሞላ ስልኩ ራሱ መቀበል ያቆማል። ባትሪን ቶሎ የሚያደክመው ሙቀት ነው፤ ትራስ ሥር አታድርገው።»

ሁለተኛው፦ «አንተ ደንቆሮ፣ ሲሞላ ያቆማል እኮ! የማታውቀውን ለምን ትዘባርቃለህ?»

ሦስተኛው፦ «ወንድሜ፣ ለጉዳዩ አዲስ እንደሆንክ ያስታውቃል፤ አይፈረድብህም። ትንሽ አንብበህ ብትመለስ ሁላችንም ደስ ይለናል።»

እስቲ ንገሩኝ፣ የጨዋነት ሕግ የጣሰው የትኛው ነው? ዳውንቮት፣ ማለትም ወደ ታች በሚጠቁመው ቀስት የሚሰጥ የመቀነሻ ድምፅ፣ የሚገባውስ? ብዙ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ያደርጋቸዋል። ለየብቻ ናቸው። ሁለተኛው የተናገረው እውነት ነው፣ ግን ተሳድቧል። ሦስተኛው አልተሳደበም፣ ግን አንዲት ጠቃሚ ነገር አልነገረንም፤ በዚያ ላይ ንቀቱ ከስድቡ ይብሳል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ደረቅ ነው፤ ሰላምታ የለው፣ ማለሳለሻ የለው። ከሦስቱ ጥሩው ግን እሱ ነው።

የጨዋነት ሕግ የሚመለከተው ሰው ሰውን እንዴት እንደያዘ ነው። ዳውንቮት ደግሞ የአሰላለፍ ጉዳይ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ከላይ ይታይ ወይስ ወደ ታች ይውረድ የሚል። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ሰው ያልተስማማበትን ሐሳብ በዳውንቮት ይቀጣል፤ ሞደሬተሩ፣ ማለትም ውይይቱን የሚቆጣጠረው ሰው፣ ደግሞ ብዙ የተቀነሰበትን ሰው እንደ አጥፊ ያየዋል። ጨዋታው ያኔ ይበላሻል።

ቀስቱ ከየት መጣ

ነገሩ የተጀመረው ከመብዛት ነው። አንድ ርዕስ ላይ ሃያ ሰው ሲጽፍ ሁሉም ይነበባል። ሁለት ሺህ ሲጽፍ ማንም አያነብም። ታዲያ የቱ ይቅደም? በጊዜ ቅደም ተከተል ካስቀመጥከው ቶሎ የደረሰ ያሸንፋል። አንድ አርታዒ ይምረጥ ካልክ ሰውዬው እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ አንባቢው ራሱ ይምረጥ ተባለ።

ቀድመው ከሞከሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ስላሽዶት ነው። የቴክኖሎጂ ሰዎች መወያያ ነበር። አሠራሩ ዛሬ ከምናየው በጣም ይለያል። የመቀነስና የመጨመር መብት ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ከተጠቃሚዎች መሀል እየመረጠ ለጊዜው አምስት ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ እነሱም በዚያች ነጥብ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የአንድ አስተያየት ውጤት ከ−1 እስከ 5 ብቻ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፦ ስትቀንስ ወይም ስትጨምር ምክንያት መምረጥ ነበረብህ። አስተማሪ ነው፣ መረጃ አለው፣ ያስቃል፣ ከርዕስ ወጥቷል፣ ጠብ ጫሪ ነው... ከነዚህ አንዱን። በኋላም ሌላ ሽፋን ተጨመረበት። ዳኞቹ በትክክል ዳኝተዋል ወይ የሚለውን ሌሎች ተጠቃሚዎች እየተመለከቱ ይፈርዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሬዲት የተባለው የመወያያ ድረ ገጽ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀለለ። ሁለት ቀስት፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፣ አካውንት ላለው ሁሉ። ቀላል ስለሆነም ተስፋፋ። ምክንያቱ ግን ጠፋ። የሬዲት ያልተጻፈ የሚመስል ግን የተጻፈ የሥነ ሥርዓት መመሪያ «ስላልተስማማህ ብቻ ዳውንቮት አታድርግ፣ ለውይይቱ የማይረባ ሲሆን አድርግ» ይላል። ቆንጆ ምክር ነው። ቀስቱ ግን ምንም አይጠይቅህም። ለምን ቀነስክ አይልህም፣ ምንም አያስከፍልህም፣ ማን እንደቀነሰም አይታይም። እንዲህ ባለ ቁልፍ ላይ መመሪያ መለጠፍ በግድግዳ ላይ ጸጥታ ብሎ ጽፎ ከበሮ እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ ሰው ዳውንቮትን «አልወደድኩትም» ለማለት ይጠቀምበታል። ክፋት ሆኖ አይደለም። አልስማማም የሚልበት ሌላ ፈጣን መንገድ ስላልተሰጠው ነው። አንዳንዴም ቀስቱ የተቃውሞ ሰልፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የጌም አምራቹ ኢኤ አንድ ጌም ውስጥ ዝነኛ ገጸ ባሕርያትን ለመክፈት ለምን ያን ያህል ጊዜ ወይም ገንዘብ እንደሚጠየቅ ሬዲት ላይ ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው ከ600 ሺህ በላይ ዳውንቮት አገኘ፤ በክብረ ወሰን መዝገብም ሰፈረ። እዚያ ላይ ማንም «ይህ ለውይይቱ አይጠቅምም» እያለ አልነበረም። ተናደው ነው። እንዲያውም ለውይይቱ በጣም የሚጠቅመው ጽሑፍ እሱ ነበር፤ ጉዳዩ ያ ራሱ ነዋ።

ከቁጥሩ በስተጀርባ

ድምፅ ሲቆጠር ቀጥታ መደመርና መቀነስ ይመስላል። አይደለም። አንድ አስተያየት አንድ አፕቮት (የመጨመሪያ ድምፅ) ብቻ አገኘ፣ ዳውንቮት የለውም። ሌላው 100 አፕቮት እና 10 ዳውንቮት አለው። በመቶኛ ካሰላኸው የመጀመሪያው 100 ከመቶ ነው፣ ሁለተኛው 91 ከመቶ ገደማ። ታዲያ አንደኛው ይቅደም? ማንም ጤነኛ ሰው እንደዚያ አይልም። አንድ ሰው ወደደው ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ የራሱ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሬዲት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአስተያየቶች አዲስ አደራደር ያመጣው። ስሌቱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እስካሁን ባየሁት ድምፅ ብቻ ተነስቼ፣ ይህ አስተያየት በትንሹ ስንት ከመቶ ይወደዳል ብዬ መተማመን እችላለሁ?» አንድ ድምፅ ያለው ላይ ብዙ መተማመን ስለማይቻል ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። 110 ድምፅ ያለው ላይ ግን ጥርጣሬው ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ይቀድማል። ድምፅ በጨመረ ቁጥር ቦታው ይስተካከላል።

ይህ የሒሳቡን ችግር ፈታ። የሰውን ችግር ግን አልፈታም። ሰው ድምፅ የሚሰጠው ጽሑፉን ብቻ አይቶ አይደለም፤ ቁጥሩንም አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና መወያያ ላይ ለአምስት ወር ያህል፣ ከ100 ሺህ በላይ አስተያየቶችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ገና እንደተጻፉ ለአንዳንዶቹ አንድ የውሸት አፕቮት ሰጡ፣ ለአንዳንዶቹ አንድ የውሸት ዳውንቮት፣ የቀሩትን ግን አልነኳቸውም። ልብ በሉ፣ ይዘቱን አላዩትም። አንዲት አፕቮት በዕጣ ያገኙት የመጨረሻ ውጤታቸው በአማካይ 25 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዳውንቮት ያረፈባቸውን ደግሞ ሌሎች ሰዎች መጥተው «ይሄ እንኳን አይገባውም» ብለው አካካሱላቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመጣ ድምፅ ከሚገባው በላይ ክብደት አለው። ለዚህም ነው አንዳንድ ቦታ ለተወሰነ ሰዓት ቁጥሩን የሚደብቁት። ሌላው ደግሞ ደስ የሚል ነው፦ በማይገባ የተቀነሰበትን ማንሳት ሰው ይወዳል። ግን ጽሑፉ ገና እየታየ ከሆነ ነው። ብዙ ቦታ የተቀነሰበት አስተያየት ይታጠፋል ወይም ይደበዝዛል። ለምሳሌ ሀከር ኒውስ የተባለው የቴክኖሎጂ ሰዎች መወያያ ላይ ጽሑፉ ቀለሙ እየገረጣ ይሄዳል። የገረጣን ነገር ደግሞ ማን ዓይኑን አጥብቦ ያነባል?

የተቀነሰበት ሰው ምን ይሆናል

አብዛኛው ሰው «ዳውንቮት ያስተምራል፣ ሰውዬው ይታረማል» ብሎ ያስባል። እኔም ብጠየቅ መጀመሪያ የምመልሰው ይህንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአራት ትልልቅ የዜና አስተያየት መድረኮች ላይ የተሠራ ጥናት ግን የተገላቢጦሹን አገኘ። የተቀነሰባቸው ሰዎች ዝም አላሉም፤ እንዲያውም አብዝተው ጻፉ። በኋላ የጻፉትም ከበፊቱ የወረደ ሆነ። በዚህ ላይ ራሳቸው ሌላውን መቀነስ አበዙ። ማለትም በሽታው ይተላለፋል። የተመሰገኑትስ? ምስጋናው አብዝተው እንዲጽፉም፣ የተሻለ እንዲጽፉም አላደረጋቸውም። ከሁሉ በላይ ጥለው የሚሄዱት ምንም ዓይነት ምላሽ ያላገኙት ናቸው።

ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። እልኸኛን በቀስት የሚያስተምር የለም። ቀስቱ የሚጠቅመው ለሌላው አንባቢ ነው፣ የማይረባውን ከፊቱ ዞር ያደርግለታል። ጸሐፊውን ግን አያርመውም፣ ምክንያቱም ምን እንዳጠፋ አልነገረውም። «−7» የሚል ቁጥር አይቶ «ስለተሳደብኩ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። «እውነት ስለተናገርኩ አቃጠላቸው» ነው የሚለው።

ስለዚህ ነገሩ የገባቸው ቦታዎች ቁልፉን ራሱን ነካኩት። ስታክ ኦቨርፍሎው፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የጥያቄና መልስ ቦታ፣ ዋጋ አስከፈለ። የሌላውን መልስ ዳውንቮት ካደረግክ ከሱ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል፣ ካንተም አንድ ይቀነሳል። ትንሽ ናት፣ ግን እጅህን ለአፍታ ትይዛለች። መቀነስ ለመቻልም መጀመሪያ 125 ነጥብ ማጠራቀም አለብህ። ሀከር ኒውስም እንዲሁ ለአዲስ ሰው ወደ ታች የሚጠቁመውን ቀስት ጭራሽ አያሳየውም። ለራስህ ጽሑፍ በቀጥታ የመለሰልህን ሰውም መቀነስ አትችልም፤ ይሄኛው በጣም ብልህ ሕግ ነው፣ ሰው በጣም የሚናደደው ለራሱ በተመለሰለት ላይ ስለሆነ። ውጤቱም ቢበዛ እስከ −4 ድረስ ነው የሚወርደው። ሰው በጅምላ መውገር አይቻልም ማለት ነው።

ዩቲዩብ ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የዲስላይክ ቁጥሩን ከሕዝብ ዓይን ሰወረው፤ ቁልፉ አለ፣ ባለቤቱም ቁጥሩን ያያል፣ ሌላው ግን አያይም። ምክንያቱ በዘመቻ የሚደረግ የዲስላይክ ጥቃት ነው አሉ፣ በተለይ በትንንሽ ቻናሎች ላይ። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። ለምን ቢባል፣ ቁጥሩ ለተመልካቹ ማስጠንቀቂያ ነበር። «ጥገና ላሳያችሁ» የሚል ቪዲዮ ላይ ከላይኩ ዲስላይኩ ከበለጠ ጊዜህን አታባክንም። አንዱን ጥቃት ለማስቆም አንድ ጠቃሚ መረጃ ተደበቀ። ማን ትክክል ነው ብትሉኝ፣ በአስተያየቶች ላይ ቁጥሩ ቢደበቅ ግድ የለኝም፣ እንዲህ አድርግ ብሎ በሚያስተምር ቪዲዮ ላይ ግን ባይደበቅ እመርጥ ነበር።

ለኔ ከሁሉም የሚማርከኝ ሌስሮንግ የተባለው ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2022 ያመጣው ነው። ቀስቱን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ «ይህ ጽሑፍ መነበብ ይገባዋል ወይ?» ይላል። ሌላው «ትስማማለህ ወይ?» ይላል። አሰላለፉን የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ያንተን አቋም የሚቃረን ግን በደንብ የታሰበበት ጽሑፍ ስታይ «ይነበብ፣ ግን አልስማማም» ማለት ትችላለህ። አንድ ሰው +40 ለጥራቱ፣ −15 ለስምምነት ይዞ ከላይ ሲቀመጥ አስቡት። ተራ ቀስት ቢሆን ምናልባት ከታች ተቀብሮ ነበር። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ማሰብ ይጠይቃል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ለማሰብ አይመጣም።

የጨዋነት ሕግ

«ጨዋ ሁኑ» የሚል ሕግ የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ሁሉም ሰው ራሱን ጨዋ አድርጎ ነው የሚያስበው። ስታክ ኦቨርፍሎው ለዓመታት ሲጠቀምበት የነበረውን «ሸጋ ሁኑ» የሚል ዓይነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በዝርዝር የሥነ ምግባር ደንብ ተክቶታል። አዲስ መጤ ጥያቄ ጠይቆ «ይህን እንኳን አታውቅም?» እየተባለ እንደሚባረር ራሳቸው በአደባባይ ተናግረው ነበር። ስድብ የለም፣ ንቀቱ ግን ሞልቷል። መጀመሪያ ላይ ያየነው ሦስተኛው መልስ ሰጪ ማለት ነው፣ ያ «ወንድሜ» ባዩ።

የሚሠራው ሕግ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ላይ የቆመ ነው። ዊኪፔዲያ ላይ «ስለ ይዘቱ ተናገር፣ ስለ ጸሐፊው አትናገር» የሚል አለ። ይህ የሚጨበጥ ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ወስደህ ባለቤቱ ሐሳቡ ነው ወይስ ሰውየው ብለህ መለየት ትችላለህ። «ይህ ስሌት ስህተት ነው» ያልፋል። «አንተ ስሌት አትችልም» አያልፍም። ሀከር ኒውስ ደግሞ ሌላውን ሰው ስትመልስ ከተናገረው ውስጥ ጠንካራውንና ምክንያታዊውን ትርጉም ይዘህ መልስ ይላል፣ ለመምታት የሚመቸውን ደካማውን አትምረጥ። ይሄ ለመከተል ከባድ ነው። ግን ቢያንስ ምን እንደሚጠበቅብህ ታውቃለህ።

ሕጉ የት ይጻፍ የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ቦታ ሕጉ አንድ ጥግ ተደብቆ ነው የሚኖረው፣ የሚነበበውም ሰው ከተባረረ በኋላ ነው። ሚሊዮኖች የሚከታተሉት የሬዲት የሳይንስ ክፍል ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። በዕጣ በተመረጡ ውይይቶች አናት ላይ ሕጉ ተለጠፈ፣ በሌሎቹ ላይ አልተለጠፈም። በተለጠፈባቸው ላይ አዲስ መጤዎች ሕጉን የማክበራቸው ዕድል ከ8 መቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው፣ የሚሳተፉት አዲስ መጤዎች ቁጥርም በአማካይ 70 ከመቶ ማደጉ ነው። «ሕግ ሰው ያሸሻል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው። ሰውን የሚያሸሸው ምን እንደሚያስቀጣው አለማወቁ ይመስለኛል።

የጨዋነት ሕግ የራሱ ጣጣ አለው፣ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። በደል የደረሰበት ሰው ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል። በደሉን የሚክደው ሰው ግን ምን ቸገረው፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ቃላት መርጦ፣ «እባክህ ማስረጃህን አቅርብልኝ» እያለ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። መልስ ሲሰጠው ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ይፈነዳል። ሞደሬተሩ ያኔ ይመጣና የፈነዳውን ያባርረዋል። በሕጉ ፊደል ትክክል ነው፣ በፍርድ ግን አይደለም። ስለዚህ ጥሩ ሞደሬተር የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አያነብም፤ ወደ ላይ ሄዶ ማን ማንን ሲጎነትል እንደነበር ያያል። ጊዜ ይወስዳል። ለዚህም ነው ጥሩ ሞደሬተር የሚጠፋው።

ሌላው ጣጣ ነባሮቹ ናቸው። አዲስ ሰው አንዴ ሲሳደብ ይባረራል። ሺህ ጠቃሚ መልስ የጻፈው ነባር ሲሳደብ «እሱ እንኳን ጠባዩ ነው» ይባላል። ሕጉ በዚያች ቀን ሞተ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው አይቷላ።

ደግሞ ትሮል፣ ያ ሆን ብሎ ሰው እያናደደ ውይይት የሚያበላሽ፣ የተለየ ፍጡር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሙከራ ተሳታፊዎች መጀመሪያ ፈተና ተሰጣቸው፣ ለገሚሱ ቀላል ለገሚሱ ከባድ። ከዚያ አስተያየት እንዲጽፉ ተደረገ። ቀላሉን ፈተና ወስደው ሰላማዊ ውይይት ውስጥ ከገቡት መሀል 35 ከመቶው የጻፉት ነገር ትሮል ተብሎ ተመደበ። ከባዱን ወስደው ተናደው፣ በዚያ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ክፉ ሆኖ ሲጠብቃቸው 68 ከመቶ ደረሰ። እንግዲህ በዕጣ የተመደቡ ተራ ሰዎች ናቸው። ከላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ክፉ አስተያየት ከታች ያለውን ሁሉ ትጎትታለች ማለት ነው። እዚህ ላይ ቀስቱና ሕጉ ይገናኛሉ፤ ስድቡን ሪፖርት አድርጎ ማስነሳት አንድ ነገር ነው፣ ከአናት ላይ ቶሎ ማውረድ ደግሞ ሌላ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እና የተቀነሰባችሁ ጊዜስ? ወዲያው «ለምንድን ነው የምትቀንሱኝ?» ብላችሁ አትጻፉ። ብዙ ቦታ በሕግም የተከለከለ ነው፣ ባይከለከልም ተጨማሪ ዳውንቮት ይጠራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ድምፆች እርሷቸው፤ ገና ብዙ ሰው አላየውም። በማግሥቱም ቁጥሩ እዚያው ከሆነ፣ ከተሳሳታችሁ እርማቱን ከሥሩ ጨምሩ፣ ጽሑፉን ግን አታጥፉት፣ የተመለሰላችሁ ሁሉ ትርጉም ያጣል። ትክክል ነኝ ካላችሁ ደግሞ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ መልሳችሁ አንብቧት። ብዙ ጊዜ ስለ ሰውየው የምታወራው እሷ ናት። እሷን ሰርዙና ቀሪውን እንዳለ ተዉት።